ሁሉንም አምስት አድርጊልኝ

ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። በልጅነቴ «ይቺ ልጅ ጥያቄ ታበዛለች» እያሉ ይቆጡኝ የነበሩ ዘመዶቼ ዛሬ በዚሁ አመሌ ደመወዝ እንደሚከፈለኝ ሲሰሙ ይስቃሉ። የምጠይቀው ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የቀረባቸው፣ ከቤት የሚጠፋባቸው፣ ክፉ ጓደኛ የያዘባቸው ወላጆች ዘንድ እሄዳለሁ። እነዚህ ቤተሰቦች የድጋፍ ፕሮግራም አላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ መጥታ ልጅንና ወላጅን ታነጋግራለች፣ ሲጣሉ ታስታርቃለች፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ትከራከርላቸዋለች። ዓመቱ ሲያልቅ እኔ ቅጽ ይዤ እመጣና ድጋፉ ጠቅሟቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ «ምንም አልተሻለም»፣ አምስት «በጣም ተሻለ» ማለት ነው። እሰማለሁ፣ ቁጥሩን አከብባለሁ፣ አመስግኜ እወጣለሁ።

ቅጹ ሁለት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው ቅጂ ፕሮግራሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብለው ለሚመዝኑት አለቆቼ ነው። ሁለተኛው የቤተሰቡ ፋይል ውስጥ ይገባና ለኮሚቴ ይቀርባል፤ እኛ እዚህ በዕብራይስጡ «ቫዓዳ» ነው የምንለው። ለቤተሰቡ ድጋፉ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ የሚወስነው ቫዓዳው ነው። ይህ ሁሉ ቅጹ መግቢያ ላይ ተጽፏል፤ ጮክ ብዬ የማንበብ ግዴታም አለብኝ። አነባለሁም፤ ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሃያ ስምንቱን ጥያቄ በአርባ ደቂቃ ስለምጨርስ አለቆቼ ያመሰግኑኝ ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ያን ቀን የሄድኩበት ቤት አፉላ ኢሊት የሚባለው ሰፈር ነው፤ አሳንሰሩ የማይሠራ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። እናትየዋ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ እኔን በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይበልጡኛል። ከጎንደር ከመጡ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መሀል ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያጎርሳሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ የተወለደች፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ፕሮግራሙ ውስጥ የገቡት በእሷ የተነሳ ነው። እኔ ስደርስ የልጅቷ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሙዚቃ ግድግዳውን ይደበድበዋል።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ደረጃው ገደለሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ብዙ አልቆይም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። የፕሮግራሙን ሥራ ልንገመግም ነው» አልኳቸው፤ መግቢያውንም እንደ ልማዴ በረርኩበት።

«ሳትቀምሽ ምን ጥያቄ አለ? መጀመሪያ ብይ።»

ሥልጠና ላይ «በተጠያቂ ቤት ምግብ አትብሉ» ተብለናል። ይህን ያለው ሰው የእኛን ሰው ቤት ረግጦ አያውቅም ብዬ ያኔውኑ ስቄ ነበር። የቀረበልህን መመለስ ፊት መንሳት ነው፤ በዚያ ላይ እናትየዋ ከሥራ ገብተው ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው ወጡን ያሞቁት። በላሁ። ጨመሩልኝ፤ እሱንም በላሁ። በልቼ ስጨርስ ግን ጠያቂነቴ ቀርቶ እንግዳ ሆኛለሁ። ለእንግዳ ደግሞ የቤት ገመና አይዘረገፍም። ይህን የማላውቅ ፈረንጅ ብሆን ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው ቅጹን ከጎድጓዳው ሳህን አጠገብ ዘርግቼ የጀመርኩት።

«ከልጅዎ ጋር የምትነጋገሩት ከዓምናው ተሻሽሏል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በጣም።»

«ከአንድ እስከ አምስት?»

«አምስት።»

«ሲጣሉ ነገሩ በሰላም ያልቃል?»

«ምን ያጣላናል? አምስት።»

«ትምህርት ቤት በየቀኑ ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች። ባሴዴር ናት።»

ባሴዴር ማለት ደህና ማለት ነው፤ የእኛ ሰው አገሩን በረገጠ ሳምንት የሚለምደው የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ቃል እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ እንዲህ አለፈ። ሃያኛው «ባለፈው ወር ልጅዎ ሳታስፈቅድ ከቤት የወጣችበት ጊዜ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ቃሉ ካፌ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ኮፍያዋን ግንባሯ ላይ ስባ፣ በእኔና በእናቷ መካከል አለፈች። ሁለታችንንም አላየችንም።

«ወዴት ነሽ?» አሉ እናትየዋ፣ ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው።

«አዝቢ ኦቲ» አለች። ተይኝ ማለቷ ነው።

የውጭው በር ሲጋጭ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። እርምጃዋ አራት ፎቅ ሙሉ ሲወርድ ሁለታችንም ሰማነው። እናትየዋ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«የለም» አሉኝ። «አንድም ቀን።»

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ቸገረሽ ልጄ? የቀረውን ሁሉንም አምስት አድርጊልኝ። መልሴ ይኸው ነው።»

አደረግኩላቸው። ልወጣ ስል ክንዴን ያዝ አድርገው «የማክሰኞዋን ልጅ አለቆች ያዩታል አይደል ይኸን?» አሉኝ። የማክሰኞዋ ልጅ የሚሏት በየሳምንቱ የምትመጣላቸውን ሠራተኛ ነው። ያዩታል አልኳቸው። «እንግዲያው ደግ» አሉና ለቀቁኝ። ለምን እንደጠየቁኝ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ደረጃውን ስወርድ ደሜ ፈልቶ ነበር። በእሳቸው ነው የተናደድኩት ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ጠያቂው የታዘበው» የሚል አራት መስመር ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ «ልጅቷ በጥያቄው መካከል በር አጋጭታ ወጣች» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶውን አወጣሁ። ወጣቸው ገና ከጣቴ አልለቀቀም፤ አሁን የበላሁበትን ቤት ገመና ልጽፍ? እስክሪብቶውን መለስኩትና ቅጹን በማግስቱ እንዳለ አስገባሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የማክሰኞዋ ሠራተኛ ደወለችልኝ። ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ነኝ፣ አሁኑኑ ነዪ አለችኝ። ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እሷ እዚህ የተወለደች። አማርኛዋ መንገድ ላይ ይሰበርባትና በዕብራይስጥ ትጠግነዋለች። ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱት ወታደሮችና በሻንጣቸው መካከል ቆማ አገኘኋት። ሰላምም አላለችኝ።

«ምን ጻፍሽ አንቺ?»

«የቱን?»

«ሁሉ አምስት! ሃኮል አምስት! ልጅቷ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም። አንድ ቀን አልሄደችም! አሁን ቫዓዳው "ተሻሻሉ፣ ጎበዞች" ብሎ ቲኩን ሊዘጋ ነው።» ቲክ የምትለው ፋይሉን ነው። «ሐሙስ። በዚህ ሐሙስ።»

«እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት» አልኳት። አፌ ላይ ሳለ እንኳ ደካማ ነበር።

«የተባልሽውን» አለች። ከዚያ ቁጣዋ አለቀባት። «ስሚኝ። ያቺ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልነገረችኝም። በሩ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አወራለሁ፣ እሄዳለሁ። አሁን ትነግረኛለች። ከእኔ ሌላ ከማንም ጋር አታወራም፣ ከማንም። የምትውልባቸውን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው ሁለቱን ፖሊስ ወስዷቸዋል። እሷ ያን ቀን ከእኔ ጋር ስለነበረች ነው የተረፈችው። ሐሙስ ከዘጉት እኔ እዚያ ቤት መሄድ አይፈቀድልኝም። ማክሰኞ ማን ይመጣላታል?»

 ሠራተኛዋ አውቶቡሷ መጣና ሄደች፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩ። ቅጹ ላይ የምጨምረው አለኝ አልኳት። የገባ ቅጽ አይነካም አለችኝ፤ ዛሬ አንዱን ካስተካከልን ነገ ማን ያምነናል? እናትየዋ ሌላ የሚሉት ካለ ቫዓዳው ፊት ቀርበው ራሳቸው ይናገሩ፣ የምትተረጉሚላቸውም አንቺ ነሽ አለች። ልክ ነበረች። እንደዚያ ቀን ልክ የሆነ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ከሥራ ሲወጡ መጦሪያው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም እትዬ። አይደንግጡ። ስለዚያ ወረቀት ነው።»

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። አንድ ባንክ አጥር ሥር ጥላ አገኘንና ቆምን። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አምስቱን ያየው ቫዓዳ ቤታችሁ ተሻሽሏል ብሎ ሊተዋችሁ ነው፣ የማክሰኞዋም ልጅ ከእንግዲህ አትመጣም። እናትየዋ ሰሙኝ፤ ከዚያ ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ሁለተኛውን ጊዜ በቀስታ ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ ስለ ልጄ የጠየቅሽኝ አልመሰለኝም» አሉኝ።

«ታዲያ ስለ ማን?»

«ስለ እሷ ነዋ፤ ስለ ማክሰኞዋ። የፕሮግራሙን ሥራ ልንገመግም ነው አላልሽም? እሷን ፈትነሽ ልታባርሪያት የመጣሽ ነው የመሰለኝ። ልጄ አልተሻላትም ብል፣ ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ምን ሠራች አይሏትም?»

 እሳቸው መናገር ጀምረው ነበርና ቀጠሉ። ጎንደር ሆነው ወደዚህ የሚመጡበትን ቀን በሚጠብቁበት ጊዜ፣ ሰፈር ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያስተምራቸው ሰው ነበር። አንድ ቀን አለቆቹ ተማሪዎቹን ሰብስበው ገመገሙት። አትፍሩ፣ እውነቱን ተናገሩ፣ ለእናንተው ነው አሏቸው። እናትየዋ እጃቸውን አወጡና «አርፍዶ ነው የሚመጣው» አሉ። እውነት ነበር፤ ያረፍዳል። በሳምንቱ ሌላ አስተማሪ መጣ።

«ሦስት ልጅ ነበረው» አሉኝ። «ሚስቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ሰላም እላታለሁ፣ ታዞራለች። እዚህ አገር እስክገባ ድረስ እንዲያ ሆነን ቀረን። ይኸችን ደግሞ በየሳምንቱ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ልቧ እየመታ በሬ ላይ የምትቆመውን፣ በእኔ አፍ እንጀራዋን ላሳጣት? አምስት ሰጠኋት። ከአምስት በላይ ቢኖር ኖሮ እሱን ነበር የምሰጣት።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቤ ሳማቸው የከረምኩት ሴትዮ የዋሹት ከእኔ እውነት በሚበልጥ ደግነት ነበር። መግቢያውን ቀስ ብዬ አንብቤላቸው ቢሆን፣ ስለ ሠራተኛዋ የጠየቁኝን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሼ ጠይቄ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እፍረቴን ግን በምክር ሸፈንኩት፤ ስታፍሪ ምን ታደርጊያለሽ ብትሉኝ፣ ምክር እሰጣለሁ።

«እትዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም» አልኳቸው። «እዚህ የሚረዱት ችግሩን ሲነግሯቸው ነው። ሐሙስ ቀርበው እውነቱን ይናገሩ። አልተሻለንም፣ አትተዉን ይበሉ።»

«እሷንስ?»

«ማንም አይነካትም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ማዪልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አልኩ። እንዴት በቀላሉ እንደወጣኝ ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። የቫዓዳውን አሠራር አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ የማውቀው ግን በሩን ብቻ ነው።

እናትየዋ ወደ መንገዱ አዩ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ።

«ልጄም ትኖራለች? አጠገቤ ተቀምጣ?»

«ትኖራለች። ተጠርታለች።»

«በሰው ፊት ልጄን ላዋርዳት ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው «ይሁን» አሉና ወደ ፌርማታው ሄዱ።

ሐሙስ ደረሰ። ቫዓዳው የሚቀመጠው መሀል ከተማ፣ አንድ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ሰዎች፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የሚያንጎራጉር ማቀዝቀዣ። የማክሰኞዋ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ጫፍ ማስታወሻ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ ኮፍያዋን ሳታወርድ ገባችና በራሷና በእናቷ መካከል አንድ ወንበር ባዶ ትታ ተቀመጠች። እኔ ከእናትየዋ በስተግራ ነኝ። 

ሰብሳቢው ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ናቸው። የእኔን ቅጽ ከፊታቸው ዘርግተው ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ውጤት ብዙ አናይም አሉ፤ እናትየዋን እንኳን ደስ ያለዎት እንላቸዋለን፣ ፋይሉን ለመዝጋት ዝግጁ ነን፣ የሚጨምሩት አለ? ተረጎምኩላቸው። እናትየዋ የቦርሳቸውን ማንገቻ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ ይፈታሉ። ሠራተኛዋን አዩ። ልጃቸውን አላዩም። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው አዩና እስክሪብቶ አነሱ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ውሸት ነው» አሉ እናትየዋ። «ያ ወረቀት ውሸት ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ተረጎምኩ። እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። ትምህርት ቤት ከቀረች ስንት ቀን እንደሆነ፣ ስልኳን ቢነጥቋት ቤቱን እንዴት እንዳመሰችው፣ አንድ ቀን በር ቆልፈውባት እንዴት እንደጮኸችና ጎረቤት እንዴት እንደወጣ። «ከሥራ ስመጣ» አሉ፣ «ደረጃው ላይ ቆሜ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ቤት ካለች መግባት እፈራለሁ። ከሌለችም መግባት እፈራለሁ።» እኔ እየተከተልኩ በዕብራይስጥ እላለሁ። ልጅቷ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሰማችው፣ አንዴ ከእናቷ አፍ አንዴ ከእኔ። ከገባች ጀምሮ ስታንቀጠቅጠው የነበረው ጉልበቷ ቀጥ አለ። ኮፍያዋ ሥር ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። እንዲህ ሳዋርዳት አንዲት ቃል እንኳ ማለስለስ አልቻልኩም፤ ባለሰልስ ፋይሉ ይዘጋል።

እናትየዋ ሲጨርሱ በራሴ በኩል ያለውን ጨመርኩ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ በር አጋጭታ ወጥታለች፣ እኔም አይቼ መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ አልኩ። ሰብሳቢው ቀና ብለው አዩኝና የሆነ ነገር ጻፉ።

«ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም» አሉ እናትየዋ በድንገት፣ በጣታቸው ወደ ሠራተኛዋ እየጠቆሙ። «እሷ ባትኖር ልጄ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር። ይኸን ንገሪያቸው። በደንብ ንገሪያቸው።» በደንብ ነገርኳቸው።

ወደ ኮሪደር አወጡን። ሠራተኛዋ ከውስጥ ቀረች። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን፤ እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ሲጠሩን መጀመሪያ ያየሁት የሠራተኛዋን ፊት ነው፤ ምንም አልነበረበትም፣ ባዶ ነበር።

ሰብሳቢው እናትየዋን ስለ ድፍረታቸው አመሰገኑ። ፋይሉ አይዘጋም፤ ድጋፉ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ይቀጥላል አሉ። የእናትየዋን ክንድ ጭምቅ አድርጌ ወዲያው ተረጎምኩላቸው። ቀና አሉ። ሰብሳቢው ግን አልጨረሱም። አንድ ዓመት ሙሉ ተሠርቶ ለውጥ አለመምጣቱን ከእናትየዋ ከራሳቸው ሰምተናል አሉ፤ ስለዚህ ለዚህ ቤት ብዙ ልምድ ያላት ሌላ ሠራተኛ መድበናል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እሷ ትመጣለች። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ለወጣቷ ሠራተኛ ስለ ልፋቷ ምስጋና አቀረቡላት፤ እሷም ወደ ደብተሯ እያየች በቀጭን ድምፅ «ባሴዴር» አለች።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀስ ብዬ ተርጉሜ አላውቅም።  ገና እኔ ሳልጨርስ ልጅቷ ተነስታ ነበር። በመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያዋን ከግንባሯ ገፋ አደረገችና እናቷን ፊት ለፊት አየቻቸው። ለካስ ገና ሕፃን ናት።

«ኢማ፣ ማ አሲት?» አለች። እማ፣ ምን አደረግሽ ማለቷ ነው። መልስ አልጠበቀችም፤ ወንበሩን ገፍታ ወጣች። ሠራተኛዋ ልትከተላት ከወንበሯ ብድግ ካለች በኋላ ሰብሳቢውን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

እናትየዋ አላለቀሱም። አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩ።

«እናትሽ በሕይወት አለች?» አሉኝ።

«አለች» አልኳቸው።

«ዕድሜ ይስጣት» አሉኝና ቦርሳቸውን አንስተው ልጃቸውን ፍለጋ ወጡ።